አንድ ጥርስ

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድና ስለ ልጆች ክትባት ስናወጋ ቆየን። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ሞተር ነው። «ሲስተር ጡረታ ወጥታ ጋራዥ ከፈተች እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ቤታችሁ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት ያልመጣለት ልጅ ካለ፣ ወይም ጓሮ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ መኪና ካለ፣ ወይም እንደኛ ቤት ሁለቱም ካሉ፣ ወሬው የእናንተም ነው።

የምንኖረው ተጂ ነው። በጅማ መንገድ ሰበታንና ተፍኪን ስታልፉ፣ የበቾ ሜዳ ጤፍ ግራና ቀኝ በተዘረጋበት። ጓሯችን ውስጥ ያለችው ቮልስዋገን ናት፤ ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለው፣ ሕፃናት ሲያዩዋት የሚስቁላት ቮልስ። ባለቤቴ ሹፌር ሳለ ከደመወዙ አጠራቅሞ ከአንድ መምህር የገዛት ናት። ሁለቱንም ልጆቼን ልወልድ ሐኪም ቤት የሄድኩት በእሷ ነው።

ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። የእኛዋ 1200 የምትባለው ዓይነት ስትሆን ጉልበቷ በአዲስነቷ 34 የፈረስ ጉልበት ነበር። ዛሬ ከአንዳንድ ሞተር ብስክሌት ያነሰ ነው። ቢሆንም ደላላው ይወዳታል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባት ኪስ የሚያራቁት ሆነ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ «ይቺን አሮጌ ምን ታደርጓታላችሁ?» ይሉ የነበሩ ሰዎች «ስንት ትሏታላችሁ?» ማለት ጀመሩ።

ጂዳ ያለችው ልጄ የደላላውን ዋጋ ስትሰማ ወዲያው ደወለች። «እማዬ፣ ሽጧትና ልጄን የግል ኮሌጅ አስገቡልኝ» አለች። ሐሳቧ ክፉ አልነበረም። ልጇን፣ የልጅ ልጄን ማለት ነው፣ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግነው እኛ ነን። በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወሰደና አላለፈም። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ካለፉት መካከል የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነበር፤ ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.2 በመቶ ነበር። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱ የወደቀበት ፈተና ላይ ወድቆ ሳለ እሱ ግን በዓለም ላይ ብቻውን የወደቀ ይመስለው ነበር። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ስልክ ያያል። ጓደኞቹ ሲመጡ «የለም በሏቸው» ይላል።

እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ሲኖር እኔ የምከታተለው እንቅልፉን፣ ምግቡንና ጓደኞቹን ነው። ሦስቱም ከሁለት ሳምንት በላይ ከተበላሹ ምክርና ተግሣጽ ላይ አልቆምም፤ አጠገቡ ተቀምጬ «መኖር እየታከተህ ነው ወይ?» ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ። ብዙ ወላጅ መጠየቁ ሐሳቡን የሚያስገባበት ይመስለዋል። አያስገባበትም። እንዲያውም የሚያወራው ሰው ያገኛል። የእኛ ልጅ «እማማ፣ መሞት አልፈልግም፤ ምን እንደማደርግ ነው የማላውቀው» አለኝ። እንግዲያው የሚያደርገው ነገር መፈለግ የእኛ ድርሻ ሆነ።

ባለቤቴ ከአምስት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፓርኪንሰን ነው። ጆሮውም አእምሮውም ደህና ነው፣ ሞተር ሲሰማ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ይነግራችኋል፤ ግን ካቻቢቴ ይዞ ብሎን ላይ ማሳረፍ አይሆንለትም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ልጁን «እጅህን አውሰኝ» አለው። «ሞተሯን እናውርዳትና እንክፈታት። ከሸጥናትም ጤነኛ ሆና ትሸጥ።»

እዚህ ላይ የመኪናዋን ሕመም ልንገራችሁ። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ታድሶ ነበር። ማንነቱን መጥራት አያስፈልግም፤ ሰውየውም ዛሬ በሕይወት የለም። አዲስ ፒስተን ገባላት፣ ቫልቭ ተቀየረላት፣ ብዙ ብር ተከፈለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጉልበት የላትም። ከተፍኪ ወደ ሰበታ ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው፤ ትግላለች፤ ቤንዚን ትጠጣለች። ካርቡሬተሯ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ኮይል፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተቀየረ። መጨረሻ ላይ ሁሉም «ከፍታው ነው» ወደሚለው ዞረ። እውነት ነው፣ እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ግን ከመታደሷ በፊትም ይኸው ከፍታ ነበር! ያን ጊዜ ያለ ችግር ትወጣው ነበር።

ጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን በሰው ላይ ስንቴ አየሁት። ትኩሳት ያለው ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ይባላል። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ በእኛ አገር ለብዙ ጤነኛ ሰውም ፖዘቲቭ ይላል፤ ቀድሞ የነበረ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ትኩሳት ሊያሳስተው ይችላል። ሰውየው መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ አይሻለውም፣ «ታይፎይዱ ተመለሰ» ተብሎ ሌላ ይታዘዝለታል። የቮልሳችን ታይፎይድ ካርቡሬተሩ ነበር።

ሞተሩን ማውረዱ ከባድ አይደለም። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ወደ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን የጎረቤት ልጆች መጥተው አገዙ። ነፋስ መስጫው፣ ቴስታታዎቹ፣ ሲሊንደሮቹና ፒስተኖቹ ወጡ። የቀረው የሞተሩ ቤት ነው። የቮልስ ሞተር ቤት እንደ ባቄላ ለሁለት የሚከፈል ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ መሐላቸው ተቆልፈው ይቀመጣሉ። አንዴ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን የሚያይ ሰው የለም። ይህን ያዙልኝ።

ለማያውቁ እናቶች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር በአራት ምት ይተነፍሳል። ፒስተኑ ሲሄድ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ሲመለስ ይጨምቃል፤ ካንዴላው ሲያቀጣጥለው ፍንዳታው ይገፋዋል፣ ዳግመኛ ሲመለስ ጭሱን ያስወጣል። ለዚህ ሁለት በሮች አሉት፤ ማስገቢያ ቫልቭና ማስወጫ ቫልቭ። በር ከፋቹ ካምሻፍት ነው። እንቁላል የሚመስሉ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው፤ ጉብታው ሲመጣ ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ዘንጉን፣ ዘንጉ ሮከሩን፣ ሮከሩ ቫልቩን። ወናፍ የነፋ ሰው በቀላሉ ይገባዋል፤ አፉ መከፈት ባለበት ሰዓት ከተዘጋ የቱንም ያህል ብትጫኑት እሳቱ አይነድም። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። በላዳ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ካቴና ነው፣ በብዙ የዛሬ መኪኖች ቺንጋ ነው። በቮልስ ግን የሁለቱ ጊሮች ጥርስ በቀጥታ ይነካከሳል። የሚረዝም ካቴና፣ የሚበጠስ ቺንጋ የለም። በትክክል ከተገጠመ ዕድሜ ልኩን በትክክል፣ ከተሳሳተም ዕድሜ ልኩን ተሳስቶ ይዞራል።

ልጁ የቀኙን ግማሽ ቀስ ብሎ አነሳው። ሁለቱ ዘንጎች በግራው ግማሽ ላይ እንደተኙ ታዩ። ባለቤቴ «እንዳትነካ!» አለ። ልጁ ቀድሞት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳ ነበር። ከዚያ በዘይት የጠቆረውን ጊር በጨርቅ ጠርጎ፣ ክራንኩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረና ምልክቶቹ በተገናኙበት ቦታ ሌላ ፎቶ አነሳ። በክራንኩ ትንሽ ጊር ላይ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች በነጥብ ተመትተዋል። በካምሻፍቱ ትልቅ ጊር ላይ ደግሞ አንድ ጥርስ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች። ባለ ክቧ ጥርስ በሁለቱ ነጥቦች መካከል መግባት አለባት። ሌላ ቦታ የላትም።

ልጁ ፎቶውን በጣቱ አስፍቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ «አባባ፣ ይኼን ይዩልኝ» አለ። ባለቤቴ መነጽሩን ቢያደርግም ጊሩ ላይ አላየውም፤ በስልኩ ላይ ግን ጎልቶ ታየው። ክቧ በሁለቱ ነጥቦች መካከል አልነበረችም። ከሁለተኛው ነጥብ ማዶ ነው የገባችው። አንድ ጥርስ።

ባለቤቴ ምንም አላለም። ሄዶ ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ቡና ሳቀርብለት «አሥር ዓመት ሙሉ በሯ ዘግይቶ ሲከፈት ኖሯል» አለኝ። በሩ ከዘገየ ሲሊንደሩ በዝግታ ሲዞር የሳበውን መልሶ ይተፋል፣ መጨመቁ ይደክማል፣ ጉልበት ይሞታል፣ ሙቀት ይጨምራል። ሁሉም ምልክት ነበራት። ማንም ግን ውስጧን አላየም፤ ሰው የሚቀይረው ከውጭ እጁ የሚደርሰውን ነው።

ልብም በር አላት፤ አራት ቫልቮች። እነሱም በጊዜያቸው መከፈትና መዘጋት አለባቸው። በእኛ አገር የብዙ ወጣቶችን የልብ በር የሚያበላሸው በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 የሆነ ልጅ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት ሲይዘው፣ በተለይ ሳል ሳይኖረው አንገቱ ላይ ንፍፊት ሲያወጣ፣ «ቶንሲል ነው ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ እንጥል ቆራጭ ጋ ደግሞ ጨርሶ አትውሰዱት። ጤና ጣቢያ ይታይ። የሩማቲክ የልብ ሕመም አለበት የተባለ ልጅ ካላችሁም፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ደህና ስለመሰለ አታቋርጡበት። ወደ ሞተራችን ልመለስ።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሄዱት ሁለቱ ናቸው። ክራንኩ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ተለካ፤ ኩሽኔቶች ተገዙ። የካምሻፍቱ ጉብታዎች ተበልተው ስለነበር ሌላ ተፈለገ። እዚያ ባለቤቴ አንድ ነገር አስተማረ። የቮልስ የካምሻፍት ጊር ላይ መጠኑን የሚያሳይ ትንሽ ቁጥር ተመትቷል፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከፊቱ መደመሪያ ወይም መቀነሻ። ሁለት ጊሮች አንድ ዓይነት ስለመሰሉ ብቻ አይገጥሙም፤ አንዱ ሊጠብ ሌላው ሊላላ ይችላል። የሚፈተነው ካምሻፍቱን ክፍት በሆነው ግማሽ ላይ አስተኝቶ ክራንኩን ወደ ኋላ በማዞር ነው። ካምሻፍቱ ከአልጋው ብድግ ካለ ጠብቋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ብድግ አለ። ሻጩ «ሲሠራ ይለምዳል» ብሎ ነበር። ልጁ መልሶ ሄዶ ተከራክሮ ለወጠው። ከቤት ለመውጣት የሚፈራ ልጅ ሶማሌ ተራ ከነጋዴ ጋር ተሟግቶ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ክቧን በነጥቦቹ መካከል አስገባት። «ይኸው ገባ፣ እንዝጋው» አለ። ባለቤቴ «አዙረው» አለው። ልጁ ክራንኩን አንድ ዙር ሙሉ አዞረ። ክቧ ጠፋች! በሌላኛው ጎን ሄዳለች። ልጁ ፊቱ ተለወጠ፤ «ተበላሸ» አለ። ባለቤቴ ሳቀና «ሁለተኛ አዙር» አለው። በሁለተኛው ዙር ክቧ ተመልሳ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ገባች። ክራንኩ ሁለት ሲዞር ካሙ አንድ። ልጁ ፊዚክስ ላይ ይህን የጥርስ ብዛትና የዙር ነገር ተምሮት ነበር፣ ፈተናም ላይ መጥቶበት እንደነበር ነገረኝ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ከመነሻው ጀምሮ፤ ባለቤቴ ያለዚህ አይዘጋም አለ። ልጁ ትንሽ ተነጫነጨ እንጂ አዞረ።

መዝጋቱ ላይ ግን የእኔም ሥራ ነበረበት። ከዲፕሎማዬ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ኦፕራሲዮን ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ጎዙ፣ መቀሱ፣ መርፌው ሁሉ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢቸኩል ቁጥሩ ሳይሞላ አይሰፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር ይህንኑ ቆጠራ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር በወረቀት ያሰፈረ ነው። እኔም አንድ የቆየ አንሶላ መሬት ላይ አነጠፍኩና «ዕቃውን ሁሉ እዚህ ደርድሩ፣ ዝርዝሩን ጻፉልኝ፣ እኔ እያነበብኩ እናንተ ታሳዩኛላችሁ» አልኳቸው። ባለቤቴ «ሞተር ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለ። ግን ተቀመጠ።

ኩሽኔቶቹ በመያዣቸው ላይ ተቀምጠዋል? ተቀምጠዋል። የግራው ታፔቶች አራት? አራት። የቀኙ ታፔቶች እንዳይወድቁ በግራሶ ተይዘዋል? ተይዘዋል። ክቧ በነጥቦቹ መካከል ናት? ናት። የካምሻፍቱ ጫፍ ክዳን? ዝም። ያቺ ትንሽ ቆብ የምትመስል ክዳን በካምሻፍቱ ጫፍ በኩል፣ በሁለቱ ግማሾች መካከል ነው የምትገባው። ከተረሳች ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ መግቢያ የላትም፤ ዘይቱ በዚያ ይፈሳል፣ እንደገና ሙሉውን መክፈት ነው። አንሶላው ላይ ከጨርቅ ሥር ተገኘች። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን «የሲስተር ወረቀት» እያለ ራሱ ነው የሚጠይቀኝ።

በሁለቱ ግማሾች መካከል ጓርኒሲዮን የለም፤ ማሸጊያ ቅባት በስሱ ይቀባል። ስድስቱ ትልልቅ ዳዶዎች ወደ 34 ኒውተን ሜትር፣ ትንንሾቹ ወደ 20፣ በየጥቂቱ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ለዚህ መለኪያ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል፤ ከአንድ የሰበታ መካኒክ ተዋስን። በየመሐሉ ክራንኩ በእጅ ይዞራል። በነፃ ሲዞር የነበረው ከጠበቀ አንድ ነገር ተቆንጥጧል ማለት ስለሆነ ቆም ብሎ መክፈት ነው እንጂ መታገል የለም።

ካምሻፍቱ ከተገጠመ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ዲስትሪቢዩተሩ ግን ለብቻው ነው የሚገባው። እሱን የሚያዞረው ክራንኩ ላይ ያለ የነሐስ ጊር ነው። የመጀመሪያው ፒስተን በአራቱ ምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዱ ጨምቆ ሲጨርስ ነው፣ ሌላው ጭሱን አስወጥቶ ሲጨርስ። ካንዴላው ማቀጣጠል ያለበት በመጀመሪያው ነው። ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ሁለቱን አይለይም። የሚለየው ሮከሩ ነው፤ የአንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ሮከሮች በጣት ሲነኩ ላላ ካሉ ሁለቱም በሮች ተዘግተዋል፣ ትክክለኛው ያ ነው። ያኔ የዲስትሪቢዩተሩ ጣት ከንፈሩ ላይ ወዳለችው ጭረት ማመልከት አለበት። ከዚያ ሽቦዎቹ በ1-4-3-2 ቅደም ተከተል ይያያዛሉ። የተገላቢጦሽ ከሆነ ሞተሩ አይነሳም፣ በካርቡሬተሩ እሳት ይተፋል፤ ፊታችሁን ከዚያ አርቁ።

አሁን እንደ ነርስ የምናገረውን ስሙኝ፤ ልጆቻችሁ በቤት ውስጥ መኪና የሚነካኩ ከሆነ። ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ ይቅር። የዋጠ ልጅ ካለ አታስመልሱት፣ ወተትም አታጠጡት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ከገባ ነው የሚጎዳው። በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ዕቃ በቤንዚን በባዶ እጅ አይታጠብ፤ ጓንት ይደረግ፣ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ሞተር በተዘጋ ግቢ ቤት ውስጥ አይነሳ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ብሎ ይጀምርና ያስተኛል። ቮልስ ደግሞ ለብርድ የምትሰጠው ሙቀት በጭስ ማውጫው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር የሚመጣ ስለሆነ፣ ያ ክፍል ከተበሳ መርዙ ቀጥታ ወደ ሕፃናቱ ነው የሚገባው። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ አስፈትሹት።

የተነሳችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሜዳ ላይ። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹ ሳይገቡ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ በማስነሻው ዞረች፤ ዘይት ሳይደርሰው አዲስ ካምሻፍት እንዳይበላ። ከዚያ ካንዴላዎቹ ገቡ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። አዲስ ካምሻፍት እንደተነሳ በዝግታ አይተውም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳጅ ተሰጥቷት ከፍ ብላ መሥራት አለባት፣ ታፔቶቹና ጉብታዎቹ እንዲላመዱ። ጎረቤቶቻችን ጩኸቱን ችለው ቡና ይዘው መጡ። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። እጁ ያን ቀን ከሌላው ቀን ይበልጥ ነው የተንቀጠቀጠው፤ ደስታም ያንቀጠቅጣል።

በማግስቱ ሞተሩ ድንጋይ ሆኖ ከቀዘቀዘ በኋላ ልጁ ቫልቮቹን አስተካከለ። በሮከሩና በቫልቩ መካከል 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ቀጭን የብረት ቅጠል ይገባበታል፣ ሳይላላ ሳይጠብቅ ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት። ባለቤቴ ያንን መያዝ በጣቱ መለካት አይችልም አሁን። ልጁ ይስባል፣ እሱ ደግሞ የልጁን ፊት ያያል።

ከተፍኪ ወደ ሰበታ በሦስተኛ ማርሽ ወጣን። ጂዳ ያለችው ልጄ ቪዲዮውን አይታ «ቆንጆ ነው፣ ኮሌጁስ?» አለች። ልክ ናት፤ አንድ ሞተር የልጅ ወደፊት አይሆንም። ልጁ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ለመመዝገብ ወረቀቱን አሰናድቷል፤ ይቀበሉታል አይቀበሉትም ገና አላወቅንም። እናቱ አሁንም የግል ኮሌጅ ትላለች። መኪናዋ ትሸጥ አትሸጥ የሚለውም በቤታችን አላለቀም፤ እኔ ራሴ የጡረታ ብር ከየት ከየት እንደሚደርስ ስለማውቅ አፌን ሞልቼ «አትሸጥም» አላልኩም።

ደላላው ትናንትም ደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳው ልጁ ነው። «500 ኪሎ ሜትር ሞልታ ዘይቷን ሳልቀይርላትና ቫልቮቿን ዳግመኛ ሳላይ የትም አትሄድም» አለው። አሁን ሰማንያ ሁለት ላይ ናት።